በ28 ዓመታቸው ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በ35 ዓመታቸው የቀድሞ፦ በሊክተንስታይን ሥልጣን በማን እጅ ነው?

ዲሴምበር 15 ቀን 1993 ማሪዮ ፍሪክ የሚባሉ የሕግ ባለሙያ የሊክተንስታይን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ያኔ ዕድሜያቸው 28 ነበር። በ2001 ምርጫ ተሸንፈው ወንበሩን ሲለቁ ገና 36 አልሞላቸውም። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ስለ ሊክተንስታይን ሲወራ የሚነሳው ሁልጊዜ ያው ነው። ሀብታም ናት፣ ሰላም ናት፣ ከ1868 ጀምሮ ጦር ሠራዊት የላትም፣ በብሔራዊ በዓላቸው ቀን ልዑሉ ሕዝቡን ግቢያቸው ድረስ ጠርተው ይጋብዛሉ። ሁሉም እውነት ነው። የፍሪክን የፖለቲካ ሕይወት ተከትሎ ለሄደ ሰው ግን ሌላ ነገርም ይታየዋል። እዚያ አገር የተመረጠ ሰው ለሁሉም መልስ ይሰጣል። ለሕዝቡ፣ ለምክር ቤቱ፣ ለፓርቲው፣ ለጋዜጣው፣ ገበያ ላይ ለሚያገኘው ጎረቤቱ። ከሥልጣን ሊያነሱት የሚችሉት ልዑል ግን ለማንም መልስ የመስጠት ግዴታ የለባቸውም። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። አገሪቱ ትንሽ ስለሆነች ብቻ በፈገግታ የሚታለፍ ጉዳይም አይመስለኝም።

መጀመሪያ አገሪቱን እንያት። በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ መካከል የምትገኝ 160 ስኩዌር ኪሎ ሜትር መሬት ናት። ሕዝቧ 40 ሺህ ገደማ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፣ ገንዘቧም የስዊስ ፍራንክ ነው። እዚያ ከሚሠራው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠዋት ከጎረቤት አገር መጥቶ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስ ነው። ላንድታግ የሚባለው ምክር ቤት 25 መቀመጫ አለው፤ 15ቱ ለላይኛው አካባቢ፣ 10ሩ ለታችኛው። አባላቱ ሌላ መደበኛ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው፣ ጠበቃም መምህርም ነጋዴም ሆነው ነው ሕግ የሚያወጡት። መንግሥቱ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ 5 ሰው ብቻ ነው።

ለብዙ አሥርት ዓመታት ፖለቲካው በሁለት ፓርቲዎች እጅ ነበር። አንዱ የአባት አገር ኅብረት ነው፣ ሰዉ “ቀዮቹ” ይላቸዋል። ሌላው ተራማጅ የዜጎች ፓርቲ ሲሆን “ጥቁሮቹ” ይባላሉ። እኔም ስሙ እንዳይረዝም እንደዚያው ልጥራቸው። በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል የርዕዮተ ዓለም ልዩነት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ሁለቱም ወግ አጥባቂዎች ናቸው፣ ሁለቱም ልዑሉን ያከብራሉ። ቀይነትና ጥቁርነት ብዙውን ጊዜ ከቤተሰብ የሚወረስ ነገር ነው።

አመራረጡ በጣም ደስ ይላል። መራጩ በየፓርቲው ስም የተዘጋጁ ወረቀቶች ይደርሱታል፣ ከነሱ አንዱን ይወስዳል። ከዚያ እስክሪብቶ ይዞ የማይፈልገውን ሰው ስም ይሰርዝና በቦታው የሌላ ፓርቲ ተወዳዳሪ ስም በእጁ ጽፎ ያስገባል። የተቀየረው ድምፅ ለዚያኛው ፓርቲ ይቆጠራል። የላይኛው አካባቢ መራጭ እንዲህ 15 ድምፅ አለው፣ የታችኛው ደግሞ 10። እንዲህ ባለ አገር ፖለቲከኛ ከፓርቲው ጀርባ መደበቅ አይችልም፣ ሰው ስሙን አይቶ ነው የሚሰርዘው ወይ የሚጨምረው። ልዩነቱ ምን ያህል ሊጠብብ እንደሚችል በ2021 ታየ። ቀዮቹ ጥቁሮቹን የበለጡት በ42 ድምፅ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን 15 ድምፅ በሚሰጥበት ቦታ 42 ማለት የሦስት ሰው ወረቀት እንኳ አይሞላም። ሁለቱም እኩል 10 መቀመጫ አገኙ፣ ግን ጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ለቀዮቹ ለዳንኤል ሪሽ ሄደ። የጥቁሮቹ ዕጩ ሳቢኔ ሞናውኒ የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር የመሆን ዕድል በዚያች ጠባብ ልዩነት አመለጣቸው።

ወደ ፍሪክ እንመለስ። እሳቸው ወደ መድረኩ የመጡበት ጊዜ አገሪቱ የተናወጠችበት ነበር። በ1992 ሊክተንስታይን ወደ አውሮፓ ኢኮኖሚያዊ ቀጣና፣ ማለትም ወደ አውሮፓ የጋራ ገበያ፣ ትግባ ወይስ አትግባ የሚል ሕዝበ ውሳኔ ሊካሄድ ነበር። ስዊዘርላንድም በዚያው ጉዳይ ዲሴምበር 6 ቀን ድምፅ ልትሰጥ ቀጠሮ ይዛለች። ልዑል ሃንስ አዳም 2ኛ “እኛ ከስዊዘርላንድ በፊት ድምፅ እንስጥ” አሉ። መንግሥትና ላንድታግ ደግሞ “ከነሱ በኋላ ይሁን” አሉ። የቀን ጉዳይ ይመስላል፣ ግን ልዑሉ መንግሥቱን እስከማንሳት እንደሚሄዱ አስታወቁ። ኦክቶበር 28 ቀን ሕዝቡ ዋና ከተማዋ ቫዱዝ ላይ አደባባይ ወጣ። በዚያን ቀን ድርድር ተደርጎ ስምምነት ተገኘና ሕዝበ ውሳኔው ከስዊዘርላንድ በኋላ፣ ዲሴምበር 13 ቀን ተካሄደ። ስዊዞች እምቢ አሉ፣ ሊክተንስታይኖች 55.8 በመቶ ሆነው እሺ አሉ። ጠቡ በረደ እንጂ ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ። ልዑሉና የተመረጡት ሰዎች ባይስማሙ የመጨረሻው ቃል የማን ነው?

በቀጣዩ ዓመት ሁለት ምርጫ ሆነ። በፌብሩዋሪ 1993 ጥቁሮቹ አሸነፉና ማርኩስ ቢውሄል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የቀዮቹ ሰው ፍሪክ ምክትላቸው ሆነው ገቡ። ቢውሄል ግን ብዙ አልቆዩም። በሴፕቴምበር የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ተነሱባቸውና ላንድታግ እምነት የለኝም ብሎ ድምፅ ሰጠ። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ከሜይ ጀምሮ ነበር። ላንድታግም ተበተነ። ኦክቶበር ላይ በተደረገው ምርጫ ቀዮቹ ከ25ቱ 13 መቀመጫ ያዙና ወጣቱ ምክትል ወደ ዋናው ወንበር ተሸጋገሩ።

የፍሪክ መንግሥት የመጀመሪያው ከባድ ሥራ ያ የአውሮፓ ጉዳይ ነበር። ችግሩን ልብ በሉት። ሊክተንስታይን ከ1920ዎቹ ጀምሮ ከስዊዘርላንድ ጋር አንድ የጉምሩክ ክልል ናት፣ በሁለቱ መካከል ዕቃ የሚፈትሽ ኬላ የለም። አሁን ደግሞ ስዊዘርላንድ ያልገባችበት የአውሮፓ ገበያ ውስጥ ልትገባ ነው። በአውሮፓ ደንብ የተፈቀደ፣ በስዊስ ሕግ ግን ያልተፈቀደ ዕቃ ቫዱዝ መደብር ውስጥ በሕግ ይሸጣል። ከዚያ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ስዊዘርላንድ እንዳይገባ ማን ይከለክለዋል? ድንበሩን መዝጋት አይቻልም፣ ኢኮኖሚው ይሞታል። የተገኘው መፍትሔ ዕቃውን በድንበር ላይ ሳይሆን በወረቀት መከታተል ሆነ። አስመጪው ማን እንደሆነና ዕቃው የት እንደተሸጠ የሚመዘግብና የሚቆጣጠር የራሳቸውን ሥርዓት አቋቋሙ፣ ከስዊዘርላንድም ጋር አዲስ ስምምነት ተዋዋሉ። በኤፕሪል 1995 ሕዝቡ እንደገና ተጠይቆ 55.9 በመቶ እሺ አለ፣ ሜይ 1 ቀንም አገሪቱ ቀጣናው ውስጥ ገባች። ድንበሩ እስከ ዛሬ ክፍት ነው። ስለ ፍሪክ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ዕድሜያቸው ነው። እኔ ግን የዚህ ሥራ ክብደት ከዕድሜያቸው በላይ ሊነሳ ይገባል እላለሁ። አገሪቱ ዛሬም የምትኖረው በሁለቱም ገበያ ውስጥ በመሆኗ ነው።

በዚያው በ1995 ሌላ ነገር ተፈጠረ። ኸርበርት ቪለ የሚባሉ፣ ቀደም ሲል ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩና በኋላ የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የሆኑ ሰው ፌብሩዋሪ 16 ቀን ስለ ሕገ መንግሥቱ ንግግር አደረጉ። ልዑሉና ላንድታግ ስለ ሕገ መንግሥቱ ትርጉም ባይስማሙ ጉዳዩን የሚወስነው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ነው አሉ። የሕግ ሰው የሚለውን ነው ያሉት። ልዑሉ በ11 ቀን ውስጥ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ይህን አቋም የያዘን ሰው ለሕዝብ ሥልጣን ብቁ አድርጌ አላየውም፣ ላንድታግ ወይም ሌላ አካል ቢያቀርብህም ደግሜ አልሾምህም የሚል መልእክት ነበረው። ያሉትንም አደረጉ። በ1997 ላንድታግ ቪለን እንደገና ሲያቀርብ ልዑሉ አልሾሙም።

ቪለ ስትራስቡርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር 1999 የሐሳብ ነፃነታቸው ተጥሷል ብሎ ፈረደ፣ አገር ውስጥ አቤት የሚሉበት መንገድ አለመኖሩም ሌላ ጥሰት ነው አለ። አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ፍርድ ቤት ተከሳሹ ልዑሉ አይደሉም፣ አገሪቱ ናት። ደብዳቤውን የጻፉት ልዑል፣ ቆሞ የሚከራከረውና ካሳ ክፈል የተባለው ግን የተመረጠው መንግሥት፣ የፍሪክ መንግሥት። የሊክተንስታይን ፖለቲከኛ ምን ዓይነት ቦታ ላይ እንደሚቀመጥ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። ያላደረገውን ይከላከላል፣ ሊከለክለው የማይችለውን ይሸከማል።

በ1997 ምርጫ ቀዮቹ 13 መቀመጫቸውን ይዘው ቆዩ። ጥቁሮቹ ከጥምር መንግሥቱ ወጡ። ከ1938 ጀምሮ ያልተቋረጠው የጋራ አስተዳደር አበቃና ፍሪክ ብቻቸውን መምራት ጀመሩ። ብቻህን ስትመራ ደግሞ ጥፋቱም ብቻህን ላይ ይወድቃል። በ1999 መጨረሻ የጀርመን የስለላ መሥሪያ ቤት ዘገባ በመጽሔት ወጣ፣ ሊክተንስታይን የወንጀል ገንዘብ የሚታጠብባት አገር ናት የሚል። ከኦስትሪያ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተጠርቶ መጣ። በጁን 2000 ደግሞ ገንዘብ ማጠብን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል አገሪቱን ከማይተባበሩት ዝርዝር ውስጥ ከተታት።

እዚህ ላይ ማዘኔን አልደብቅም። የፍሪክ መንግሥት በዚያ ዓመት የባንክ ደንበኛን ማንነት የማጣራት ግዴታን አጠበቀ፣ ለውጭ አገር ፍርድ ቤቶች የሚደረገውን ትብብር የሚያፋጥን ሕግ አወጣ። በፌብሩዋሪ 2001 ምርጫ ተደረገና ቀዮቹ ከ13 ወደ 11 ወረዱ። ሁለት ወንበር። የጥቁሮቹ ኦትማር ሃስለር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በጁን 2001 አገሪቱ ከዝርዝሩ ወጣች። ተክሉን የተከለው አንድ፣ ፍሬውን የቀጠፈው ሌላ። የዓመታት የባንክ ምስጢር ባህል አንድ ወጣት ጠቅላይ ሚኒስትር የፈጠረው ነገር አልነበረም፣ ዕዳውን ግን እሳቸው ከፈሉ። ያም ሆኖ ሕዝቡ በድምፁ አነሳቸው፣ እሳቸውም ተቀብለው ወጡ። ለኔ ይህ ጤነኛ ነገር ነው።

ጤነኛ ያልሆነው ከዚያ የመጣው ነው። ልዑሉ ከ1992ቱ ጠብ ወዲህ ሕገ መንግሥቱ በግልጽ እንዲጻፍ ይፈልጉ ነበር፣ በ2003ም የራሳቸውን ማሻሻያ ለሕዝበ ውሳኔ አቀረቡ። ካልጸደቀ ጠቅልለው ወደ ቪየና እንደሚሄዱ ተናገሩ። በሕገ መንግሥት ጉዳይ ምክር የሚሰጠው የአውሮፓ ምክር ቤት የቬኒስ ኮሚሽን ሐሳቡ ከዴሞክራሲ ደረጃ ወደ ኋላ የሚመልስ ነው ብሎ ተችቶ ነበር። ፍሪክም የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ከተቃዋሚዎቹ ጎን ቆሙ። በዚያች አገር ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም። ልዑሉን መቃወም ለብዙዎች አገርን እንደመቃወም ይቆጠራል፣ ነገ ጠዋት ዳቦ ቤት የምታገኘው ሰው ደግሞ ያው ትናንት የተከራከርከው ሰው ነው። ማሻሻያው 64.3 በመቶ አገኘ።

በማሻሻያው ውስጥ ያለው አንቀጽ 80 የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አንድ ሚኒስትር ከልዑሉ ወይም ከላንድታግ እምነት ካጣ፣ እንዲነሳ ሁለቱ መስማማት አለባቸው። መንግሥቱ በሙሉ ከልዑሉ ወይም ከላንድታግ እምነት ካጣ ግን በዚያው ሥልጣኑ ያበቃል። ማለትም አንዱን ሚኒስትር ለማንሳት ልዑሉ ላንድታግን ማስማማት አለባቸው፣ አምስቱንም አንድ ላይ ለማንሳት ብቻቸውን ይበቃሉ። ምክንያት ማቅረብም አይጠየቁም። ጊዜያዊ መንግሥቱን የሚሾሙትም እሳቸው ናቸው፣ ያ መንግሥት ላንድታግ ፊት ቀርቦ እምነት እስኪጠይቅ እስከ አራት ወር ሊቆይ ይችላል።

የመጀመሪያው መንገድ እንዴት እንደሚሠራ በ2019 አይተናል። አውሬሊያ ፍሪክ ከ2009 ጀምሮ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፣ አሥር ዓመት ሙሉ። ለውጭ አማካሪዎች ከበጀት በላይ ገንዘብ ወጣ ተባለ። የላንድታግ የኦዲት ኮሚሽን ለማን፣ ለምን ብሎ ጠየቀ፣ የተሰጠው መልስም አላረካውም። ጉዳዩ አደባባይ ወጣ፣ ተከራከሩበት። ጁላይ 2 ቀን ላንድታግ እምነት ነፈጋቸው፣ ከ2004 ጀምሮ የልዑሉን ሥራ የሚሠሩት አልጋ ወራሽ አሎይስም ተስማሙ። ውሳኔውን ልትደግፈውም ልትቃወመውም ትችላለህ። ቢያንስ ግን ጥያቄ ተጠይቋል፣ መልስ ተሰምቷል፣ ሁሉም ሰው ምክንያቱን ያውቃል። ሁለተኛው መንገድ ይህ የለውም።

“ልዑሉ እስከ ዛሬ ሙሉ መንግሥት በዚህ አንቀጽ አባረው ያውቃሉ?” ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አላባረሩም። ግን ሥልጣን የሚሠራው ሲጠቀሙበት ብቻ አይደለም። በ2011 አልጋ ወራሹ ፅንስ ማቋረጥን ከቅጣት ነፃ ለማድረግ በቀረበ ሐሳብ ላይ ሕዝቡ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት “ቢያልፍም አልፈርምም” አሉ። ሐሳቡ በ52.3 በመቶ ወደቀ። አልፈርምም ባይሉ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ያን ማንም ሊያውቅ አይችልም፣ ችግሩም ይኸው ነው። በዓመቱ ይህን የመሻር ሥልጣን የሚገድብ ሐሳብ ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ፣ 76 በመቶው እምቢ አለ። ሕዝቡ ልዑሉን የሚፈልገው ተገድዶ አይደለም፣ ይህን መካድ ሐቀኝነት አይሆንም። የልዑሉ ቤተሰብ የሚኖረውም በግብር ከፋዩ ሳይሆን በራሱ ሀብት ነው። አገሪቱ ሰላምና ጥጋብ ስላላት ሰው የተሠራውን ቤት ማፍረስ አይፈልግም፣ ይገባኛል።

አሁን ደግሞ ነገሩ ተለውጧል። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትሯ የቀዮቹ ብሪጊተ ሃስ ናቸው፣ የመጀመሪያዋ ሴት። እዚያ አገር ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ መስጠት የተፈቀደላቸው በ1984 ነው፣ ያውም ወንዶች ብቻ በሰጡት ድምፅ 51.3 በመቶ አግኝቶ፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠይቀው እምቢ ብለዋል። ስለዚህ የሃስ መመረጥ ትልቅ ነገር ነው። ግን በዚያው ምርጫ ጥቁሮቹ ወደ 7 መቀመጫ ወረዱ። በ2018 የተመሠረተው ዴሞክራቶች ለሊክተንስታይን የሚባለው ፓርቲ ደግሞ ከ2 ወደ 6 ዘለለ። ቀይና ጥቁር ብቻ የሚባለው ዘመን እያለፈ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የመገናኛ ብዙኃኑ ነገር ነው። ከ1878 ጀምሮ ይታተም የነበረው የጥቁሮቹ ጋዜጣ ፎልክስብላት በማርች 2023 ተዘጋ። የቀረው ዕለታዊ ጋዜጣ ፋተርላንት ብቻ ነው፣ እሱም ከቀዮቹ ጋር የቆየ ቁርኝት ያለው። በኦክቶበር 2024 በአዲሱ ፓርቲ አነሳሽነት በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ የአገሪቱ ብቸኛ የሕዝብ ሬዲዮ ሕግ ተሻረ። ሬዲዮው በግል ባለሀብት ይተካል ተብሎ ነበር፣ አልሆነም፣ በኤፕሪል 2025 ሥርጭቱን አቆመ። በአንድ ሳምንት ልዩነት ሬዲዮው ጠፋ፣ አዲስ መንግሥት ገባ። በ1999 የባንኮቹን ጉድ ያወጣው የውጭ መጽሔት ነበር። ዛሬ ስለ ሃስ መንግሥት ማን ይጠይቃል? ነገ ልዑሉ እምነት አጣሁ ቢሉስ ለምን ብሎ ማን ይጠይቃቸዋል?

እኔ ብጠየቅ የምለው አንቀጽ 80 ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር ነው። ልዑሉ መንግሥት ሲያነሱ ምክንያታቸውን ለላንድታግ በጽሑፍ ያቅርቡ። ሥልጣኑን አይወስድባቸውም፣ ዘውዱንም አይነካም። ግን ይህችን ታህል ማሻሻያ እንኳ ሕዝቡ ቢያጸድቃት ልዑሉ ካልፈረሙ ሕግ አትሆንም። ሕገ መንግሥቱ ያለ ልዑሉ ፊርማ እንዲሄድ የተወው መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ዘውዱን ጨርሶ የማስወገድ ሕዝበ ውሳኔ ነው። ልዑሉን የሚወድ፣ ግን ጥቂት ገደብ የሚፈልግ የሊክተንስታይን መራጭ ከሁለቱ መካከል የሚረግጠው መሬት አልተተወለትም።